ሆድ ላይ ያረፈው እጅ

እህቴ መስማት ያቆመችው በሦስት ዓመቷ፣ ክፉ ትኩሳት ከያዛት በኋላ ነው። ያኔ ቢቸና ውስጥ መስማት ለተሳነው ልጅ ትምህርት አለ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ማንበብና መጻፍም ሳትማር ቀረች። ምልክቶቿን ራሷ ፈጠረች። እናታችን ከኋላዋ እየተከተለች ተማረች፤ እኔ ደግሞ ከእናቴ ተማርኩ። የኛ ቤት ምልክት ከኛ ቤት ውጭ አይሠራም። ሌላ ከተማ በትምህርት ቤት የምልክት ቋንቋ ለተማሩ ሰዎች እንኳ አይገባቸውም። ሞጣ ማለት ሁለት ጣት ክንድ ላይ ማስኬድ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ። ሞጣ የሚኖረው ባሏ ግንበኛ ነውና እሱ ጡጫ በጡጫ መምታት ነው። እኔ ደግሞ የተኮሳተረ ግንባር ነኝ። ይህን ስም ያወጣችልኝ ገና አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። ይቀየርልኝ ብዬም አላውቅም፤ ቁጣዬ ቅርብ ነው።

እናቴ በሕይወት ሳለች የእህቴ አፍ እሷ ነበረች። ገበያም፣ ክሊኒክም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ የሠርጓ ዕለት ሳይቀር አጠገቧ ቆማ ታስረዳላት ነበር። እህቴ አግብታ ሞጣ ከገባች በኋላ እንኳ ነገር ሲከብድ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከቢቸና መናኸሪያ ትሳፈር ነበር። ከዚያ እናቴ ሞተች። እህቴ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ነበር።

የሆነውን ባጭሩ ልናገር፤ አስረዝሜ መናገሩን አልችለውም። ስምንተኛ ወሯ ላይ ጽንሱ መንቀሳቀስ አቆመ። ባሏ ለሥራ ገጠር ወጥቶ ነበርና ብቻዋን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። እጇን ዘርግታ ሆዷ ላይ አሳረፈች፤ ጣቶቿን አላንቀሳቀሰችም። በኛ ቤት ቋንቋ ሆድ ላይ የሚርገበገቡ ጣቶች ልጁ ይጫወታል ማለት ነው። ዝም ያለ እጅ ደግሞ ቆመ ማለት ነው። ያያት ሰው ሆዷን አሟት ነው ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ሰጣት። በማግስቱ ተመልሳ ሄደች፣ እጇን እንደገና አሳረፈች፣ እንደገና ክኒን። ባሏ መጥቶ አብሯት ሲሄድ ነገሩ አልቆ ነበር። ማንንም አልከሰስኩም። ያ ሰው የእናቴን ቋንቋ የማወቅ ግዴታ የለበትም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ቢቸና ሆኜ ኮምፒዩተር አስተምር ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

በሁለተኛው ዓመት እንደገና ፀነሰች። ባሏ ደውሎ «እትዬ፣ እህትዎ ነፍሰ ጡር ናት» ሲለኝ እሰይ ማለት እንኳ አልቻልኩም። የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ይህንንም ልጅ ልታጣ ነው፣ ያውም በዚያው ምክንያት፣ የምትለው የሚገባው ሰው አጥታ። ሥራዬን ትቼ ሞጣ መቀመጥ አልችልም፤ ባሏም ሥራ በተገኘበት ሁሉ ይሄዳል። እናቴን የሚተካ ነገር መሥራት አለብኝ አልኩ። እጄ ላይ ያለው ሙያ ደግሞ አንድ ነው፤ ድረ ገጽ መሥራት።

ለምን በቪዲዮ አልቀረጽሻትም ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሞክሬዋለሁ። ቪዲዮ ከባድ ነው፤ የሰው ስልክ በፎቶና በመዝሙር ሞልቷል፤ ኔትወርኩም ዛሬ አለ ነገ የለም። ሥራ የበዛባት አዋላጅ አርባ ቪዲዮ በስልኳ ይዛ አትዞርም። ስለዚህ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሞጣ ተመላልሼ የእህቴን እጆች በጥቁር ጨርቅ ላይ ፎቶ አነሳኋቸው። ከፎቶው ላይ ጣቶቹን ለየብቻ ቆርጬ አወጣሁና እንቅስቃሴውን በጽሑፍ ሰጠኋቸው። በመጨረሻ ሙሉው ገጽ አንድ ቀላል ፋይል ሆነ። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ነገር ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚወስን፣ ለብቻው የሚጻፍ ጽሑፍ አለ፤ ስታይል ሺት ይባላል። ይህ ጣት በግማሽ ሰከንድ ይህን ያህል ይነሳ፣ ይመለስ፣ ይደጋገም ተብሎ ይጻፋል። ክፋቱ፣ ስልክ ውስጥ ገጹን የሚከፍተው ብሮውዘር አንድ ዓይነት አይደለም። አሮጌው ብሮውዘር ትዕዛዙ ፊት የራሱ መለያ ካልተጻፈለት እንዳላየ ያልፈዋል፤ ጣቱም ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን እንቅስቃሴ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ መጻፍ ነው። ይህን ለአርባ ምልክት፣ ለእያንዳንዱ ጣት አስቡት። ሚክሲን የሚባለው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እንቅስቃሴውን ከነአሮጌው ከነአዲሱ አጻጻፍ አንድ ጊዜ እጽፍና ስም አወጣለታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በፈለግሁት ቦታ ስሙን ብቻ እጠራለሁ። ፕሪፕሮሰሰር የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ስሙን ባየበት ሁሉ ሙሉውን ጽሑፍ ዘርግቶ ይተካልኛል።

ስድስት ሚክሲን ጻፍኩ፦ መርገብገብ፣ መዞር፣ መግፋት፣ መሳብ፣ መምታት፣ መንቀጥቀጥ። የእህቴ ንግግር ሁሉ ከነዚህ ከስድስቱ ወጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታናግረኝ ኖራ፣ በስድስት እንቅስቃሴ ብቻ እንደምትናገር ልብ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ደነቀኝ። ስድስቱም ደግሞ ከሥራቸው አንድ የጋራ ሚክሲን አላቸው። ፍጥነቱንና ድግግሞሹን የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ላይ አንድ ነገር ከቀየርኩ አርባውም ምልክት ላይ ይቀየራል። ይህን ሥራዬን እወደዋለሁ። አንድ ቦታ አስተካክሎ ሁሉንም ማስተካከል የመሰለ ነገር የለም።

ሙከራውን ያደረግሁት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ የባልደረቦቼን ስልክ እየተቀበልኩ ነው። በሩን ስከፍት «መጣች ቀማኛዋ» ይሉኝ ጀመር። የታሪክ መምህሩ አዲስ ስልክ ላይ ሠራ፣ የጸሐፊያችን ላይ ሠራ። የጥበቃው አሮጌ ስልክ ግን ሳምንት ሙሉ እምቢ አለኝ፤ ተበሳጭቼ ልተወው ስል ነው አንዲት መለያ እንደጎደለችኝ ያየሁት። ጻፍኳት፣ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ስልካቸውን ከእጄ ተቀብለው ብዙ ካዩ በኋላ «ይቺ እጅ የሕያው ሰው እጅ ናት» አሉኝ።

አንዲት መስመር የጨመርኩት ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንድ ሰው ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ስልኩን እንቅስቃሴ ቀንስልኝ ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ በደንብ የተሠራ ድረ ገጽም ይህን አይቶ እንቅስቃሴውን ያቆማል። ጥሩ ባለሙያ ይህን አይረሳም ሲባል አንብቤ ነበር። እኔም ሥሩ ላይ ባለው የጋራ ሚክሲን ውስጥ አስገባሁት፤ ስልኩ እንቅስቃሴ ቀንስ ካለ፣ አቁም። አንድ መስመር ናት። ስጽፋት ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ገጹን ይዤ እህቴ ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። አዋላጇ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። «ሲስተር፣ ይህን በስልክዎ ይያዙልኝ» አልኳት። ከፍታ አየችውና መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስለ ጽንስ የሚለው የቱ ጋ ነው?» ብላ ነው። ለሥራ ባልደረቦቿም በብሉቱዝ አሳለፈችላቸው። እህቴ ከጎኔ ቆማ የራሷ ጣቶች ስክሪኑ ላይ ሲርገበገቡ ስታይ ሳቀች። ከዚያ አዋላጇ ስልኩን እያየች ጣቶቿን የራሷ ሆድ ላይ አርገበገበችና ቅንድቧን አነሳች፤ ልጁ ይጫወታል ወይ ማለቷ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ከባሏና ከኔ በቀር እህቴን በቋንቋዋ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ዓይኗ እንባ እንደሞላ ጣቶቿን ሆዷ ላይ አርገበገበች። እኔ ወደ ግቢው ወጥቼ አለቀስኩ።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። ሁዳዴ ገብቷል። አንድ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል የእህቴ ባል ደወለ። «እትዬ፣ ትናንት ወደ ሆስፒታል ተልካ በኦፕራሲዮን ወለደች። ሕፃኗ ኦክስጅን ላይ ናት። ይድረሱልን» አለኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ መናኸሪያ ደረስኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ሹፌሩ ሰው ለመሙላት ቢቆም ተጣላሁት፤ ሰውዬው ደንግጦ ሳይሞላ ተነሳ። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፣ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ስደርስ እህቴ ፊቷ ገርጥቶ ተኝታለች። ሕፃኗ ሴት ናት። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። ከቀትር በኋላ ኦክስጅኑን ነቀሉላት፤ ትተርፋለች አሉን። ያን ጊዜ ነው ባሏ ወደ መስኮቱ ወስዶኝ ዝግ ባለ ድምፅ የነገረኝ። እሱ እንደ ልማዱ ገጠር ድንጋይ እየጠረበ ነበር። እህቴ ማለዳ ብቻዋን ጤና ጣቢያ ሄዳ ልጁ ቆመ ብላ በእጇ ተናግራለች፤ እነሱ ግን ደህና ነሽ፣ ሂጂ ብለዋታል። ወደ ሆስፒታል የላኳት ማምሻውን ነው። «ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የዋለችው፣ እትዬ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ባጃጅ ይዤ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ደጁ ላይ ነፍሰ ጡሮች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የአዋላጇ በር ክፍት ነው። ገብቼ ሰላም እንኳ አላልኩም። አንቱታውንም ረሳሁት።

«እጇን አላየሽም?» አልኳት። «ሆዷ ላይ አሳርፋ አላሳየችሽም? ይህን ሁሉ የለፋሁት ለማን ነው? አንዱ ልጇ እንዲህ ሆኖ እንደሞተባት ነግሬሽ አልነበረም? ደግሞስ ቋንቋውን በማታውቂው አገር ማን መደበሽ?»

የመጨረሻውን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። አዋላጇ የያዘቻትን ሴት የደም ግፊት ለክታ፣ ጽፋ፣ ካሰናበተቻት በኋላ ስልኳን ከጋዋኗ ኪስ አወጣች። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ባትሪዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ገጹን ከፍታ ሰጠችኝ።

«ይኸው፣ ይመልከቱት» አለችኝ።

ስለ ጽንስ ከሚለው ሥር የመጀመሪያው ሥዕል ሆድ ላይ ያረፈ እጅ ነው። ከታቹ «ልጁ ይንቀሳቀሳል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ጣቶቹ እስኪርገበገቡ ጠበቅሁ። አልተርገበገቡም። ስክሪኑን ነካ ነካ አደረግሁት። እጁ ዝም ብሎ ተኝቷል።

«እህትዎ ያሳየችኝ ይህንኑ ነው» አለችኝ። «ያኔ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያየሁትን ረስቼዋለሁ፤ ሥዕሉን አሳየኋት፣ ይሄ ነው? አልኳት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የጽንሱን ልብ አዳመጥኩ፣ ይመታል። እናትየዋ ይንቀሳቀሳል ካለችኝ ምን ልበላት? ቤትሽ ሂጂ አልኳት። እሷ ግን አልሄደችም። ብቅ ባልኩ ቁጥር እጇን ታሳየኛለች፣ እኔም አዎ ገብቶኛል እላታለሁ። ሥራ ስጨርስ አሁንም አለች። ገጹን እስከ መጨረሻው ወረድኩበት። ታች ሌላ ሥዕል አለ፤ ያው እጅ ነው፣ ከሥሩ ግን መንቀሳቀስ አቆመ ይላል። ብለይ ብለይ አቃተኝ። ሲያቅተኝ የከፋውን ይዤ አምቡላንስ ጠራሁ።»

ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ፤ ሙያዬ ነውና። መብራት ከጠፋ ጀምሮ ስልኳ ባትሪ ቆጥብ ተብሏል፤ እንዲህ ሲባል አንዳንድ ስልክ እንቅስቃሴ የሚባለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ድረ ገጹንም እንቅስቃሴ ቀንስ ብሎ ያዘዋል። ገጼም ታዘዘ። የኮራሁባት መስመር ከሁሉም ሥር ስለነበረች አርባውንም ምልክት በአንድ ጊዜ አደረቀቻቸው። ሌላ ድረ ገጽ ላይ እንቅስቃሴ ቢጠፋ ጌጥ ይጎድላል እንጂ ሰው አይጎዳም። በእህቴ ቋንቋ ግን የቆመ እጅ ራሱ ቃል ነው። እሷ ስክሪኑ ላይ ቆመ የሚል እጅ አየች፤ አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው አለች። ማንበብ አትችልም። አዋላጇ ደግሞ ጽሑፉን አነበበች፤ ይንቀሳቀሳል ይላል። ሁለቱም የተግባቡ መስሏቸው ተለያዩ። ቢቸና ስሞክረው ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ መብራት ነበረ፣ ስልኮቹ ሁሉ የጠገቡ ነበሩ። እኔ መብራት ሲመጣ ሲሄድ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ መብራት በጠፋበት ቀን ልሞክረው አላልኩም።

ይቅርታ የጠየቅኳት እዚያው፣ እሷን በሰደብኩባቸው ሰዎች ፊት ነው። ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። «ልጅቷ ደህና ናት?» ብቻ አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለችና ቀጣይዋን ሴት ጠራች።

ያችን መስመር አጠፋሁ። በምትኩ፣ እንቅስቃሴ የማይፈቅድ ስልክ ላይ የእጁ መነሻና መድረሻ አቀማመጥ በተርታ፣ በቀስት ተያይዞ እንዲታይ አደረግሁ፤ የቆመውም እጅ ላይ የተለየ ቀይ ክብ ጨመርኩ። እርማቱ አንድ ቦታ ነው፣ አፍታም አልፈጀ። ያ ግን የእኔ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ነው። የተበላሸው ፋይል በብሉቱዝ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዷል፤ ከሩቅ ሆኜ ልመልሰው አልችልም። ሦስት ቀን ሞጣ ውስጥ ከሰው ሰው እየዞርኩ ስልክ አስከፍቼ አሮጌውን አጠፋሁ፣ አዲሱን ጫንኩ። ተዛውረው የሄዱ አሉ፣ ስልካቸው የጠፋባቸው አሉ። ስንት ስልክ ላይ እንደቀረ አላውቅም።

ለእህቴ ሳልነግራት ወራት ቆየሁ። እሷ እኮ በየሄድኩበት እጄን ይዛ ትስመኝ ነበር፤ ልጇ በኔ ገጽ የተረፈች እየመሰላት ነው እያልኩ ውስጤ ይቃጠላል። ሕፃኗ ክርስትና ልትነሳ ሳምንት ሲቀራት መሸከሙ አቃተኝ። ቤቷ ቁጭ ብለን፣ ሕፃኗ ጭኗ ላይ ናት፣ በእጄ ሁሉንም ነገርኳት። እጆቹ እንደቆሙ፣ ያቆምኳቸውም እኔ እንደሆንኩ፣ አዋላጇ ያሳሳታት የኔ ሥራ እንደሆነ። ልጅሽን ልገድልብሽ ነበር አልኳት።

አልደነገጠችም። ልትመልስልኝ ሁለት እጇን ስለፈለገች ሕፃኗን መደቡ ላይ አስተኛቻት።

«ያን ጠዋት ልጄ አልቆመችም ነበር» አለችኝ። ጣቶቿን ሆዷ ላይ እንደደከመው ሰው ቀስ አድርጋ አርገበገበች። «ቀንሳ ነበር እንጂ ትንቀሳቀስ ነበር። እኔ ግን ቆመች አልኳቸው።»

«ለምን?» አልኳት።

«የመጀመሪያው ጊዜ እርግጠኛ እስክሆን ቤቴ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከዚያ ሄጄ ስናገር፣ ስናገር፣ በገባቸው ጊዜ ልጄ የለም። ከዚያ ወዲህ አወቅሁት። እኔ ተናግሬ እናንተ እስኪገባችሁ አንድ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀድሜ ወጣሁ።»

እናንተ ስትል በጣቷ የጠቆመችው እኔን ነው።